በሁለቱ ድምፆች መካከል

ዘጌ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሩሐማ አምባቸው፤ ድሬዳዋ

የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔን ብርዱ ጉልበቴን ይይዘኛል እንጂ ከሰው አላነስሁም። ጥምቀትም በሰላም አለፈ፤ ታቦታቱ ገቡ፤ ተመስገን ነው። ደብዳቤሽ ጀልባ ነጂው ሣህሉ ዘንድ ዘጠኝ ቀን ሰንብቶ ደረሰኝ። ሞተሩ ተበላሽቶበት ነበር አለኝ። እዚህ ስልክ ከጠፋ ወራት ሆኖታል፤ ቢኖርም የዚህ ዓይነት ወሬ በስልክ አይወራም። በእናትሽ በኩል ሳይሆን በሣህሉ በኩል መላክሽን ግን ወደድሁትም ፈራሁትም። ከእናትዓለም ተደብቆ በጎ ሆኖ የቀረ ነገር አላውቅም።

የጠየቅሽኝን አየሁት። አባትሽ የሞተ ዕለት፣ ኅዳር 29 ቀን 2014፣ ከባሕር ዳር አየር ማረፊያ በኩል ስንት ድምፅ ሰሙ ነው ያልሽኝ። ልጄ፣ ይህን ያን ጊዜ ለመጡት ጠያቂዎች ተናግሬዋለሁ፤ ጽፈውታል፤ ፈርሜበታለሁ። ሰማይ ላይ ሲያፏጭ ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ ታላቅ ድምፅ ሆነ፤ ከሐይቁ ማዶ ጢስ ተነሣ። ሌላ ምን ልጨምርበት? አገሩ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ግማሹ ከሩቅ የተተኮሰ ሮኬት ነው ይላል፤ ግማሹ የራሳችን ቦንብ አውሮፕላኑ ላይ ሲጭኑት አመለጣቸው ይላል። እኔ የዜማ መምህር ነኝ፤ ከሰማይ ይሁን ከምድር በምን ዐውቄ እፈርዳለሁ? አባትሽ የነዳጅ ቦቴ ነጂ ነበር፤ በሥራው ላይ ሳለ ሞተ። ይህ አይበቃሽም?

የዘንድሮ ቡና ፍሬው ያማረ ነው፤ ጦጣው ግን ከእኛ ቀድሞ ይለቅመዋል። ተማሪዎቼን ጥበቃ አስይዣቸው ዜማውንም ቡናውንም እያጡት ነው።

አጎትሽ መርስዔ ኀዘን


ድሬዳዋ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልኝ። ቅባት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ሣህሉ ካላስቀረው ይደርስዎታል።

«ይህ አይበቃሽም?» ብለውኛል። በቅቶኝ ነበር፤ ሦስት ዓመት በቅቶኝ ኖሬያለሁ። ባለፈው ደብዳቤዬ የደበቅኩዎት ነገር ስላለ ይቅር ይበሉኝ። ደፍሬ መጻፍ አቅቶኝ ነው። አዲስ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ የዚያን ዕለት ጉዳይ እንደገና እያየ ነው። ረቂቁን ለሟች ቤተሰቦች «አስተያየት ካላችሁ» ብለው ልከዋል፤ በእማዬ ፈንታ የተመዘገብኩት እኔ ስለሆንኩ ለኔ ደረሰኝ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ቃል በቃል ልገልብጥልዎት፦

«የተሰማው ፍንዳታ አንድ ብቻ መሆኑ፣ በሐይቁ ማዶ በነበሩና ታማኝነታቸው በተመሰከረላቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቃል ተረጋግጧል። የነዳጅ ቦቴው የተገኘው ግን ከመቆሚያው ስድስት መቶ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ቦቴውን ያንቀሳቀሰው ፍንዳታው ከመድረሱ በፊት ነው። አብሮት የነበረው ሠራተኛም ሹፌሩ ገፍትሮ ጥሎት እንደሄደ መስክሯል። ሹፌሩ በሽሽት ላይ እንደነበረ ይገመታል፤ አደጋው እንደሚደርስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ የሚለውም መጣራት ይኖርበታል።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።

እኔ ምን እንደማስብ እንኳ አላውቅም። አንዱን ቀን፣ ቢሸሽስ፣ ሰው አይደለም ወይ እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ፣ ነዳጅ የሞላ ቦቴ እየነዳ የሚሸሽ ሰው የት ታይቷል፣ በእግሩ አይሮጥም ነበር ወይ እላለሁ። አስቀድሞ ያውቅ ነበር የሚለው ግን ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ምን ሊያውቅ ይችላል? ከማን? የዚያን ዕለት ጠዋት ደውሎልኝ ስለ ጫማ ነው ያወራኝ። ጫማው ጠቦት ነበር።

ስለዚህ ደግሜ እጠይቅዎታለሁ፤ አይቆጡኝ። እርግጠኛ ነዎት አንድ ነበር?

ልጅዎ ሩሐማ


ዘጌ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ ልጄ

ሰላምታውን ሌላ ቀን አደርሰዋለሁ። ሁለት ነበር።

ረቡዕ ነበር፤ የነቢያት ጾም። ቅዳሴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወደ ሐይቁ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አቡነ ዘበሰማያት እያደረስሁ ነበር። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስደርስ አንድ ደረቅ ድምፅ፣ ወፍራም ግንድ ሲሰበር የመሰለ፣ ከማዶ መጣ። አፌ ልማዱ ሆኖ አላቋረጠም። ጨርሼ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጀምሬ «ድንግል በኅሊናኪ» ስል ሁለተኛው ሆነ። ያ ምድሩን አንቀጠቀጠው፤ ጢሱም የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ለምን አንድ አልህ ትይኛለሽ። ባሕር ዳር ፋሲሎ፣ እናትሽ ቤት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም፣ «ሁለት ከተባለ እሳቱ ከአምባቸው ቦቴ ተነሣ ብለው በሱ ይለጥፉታል» ሲል ሰማሁ። ጠያቂዎቹ ሲመጡ ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ወንጌል ይዤ ማልሁና አንድ ነው አልሁ። ለወንድሜ ብዬ። የገዛ ቃሌ ዞሮ እሱኑ ሸሽቷል እንዲያሰኘው ማን ያውቅ ነበር?

ፉጨቱንም ከሌላ ሰው ነው የወሰድሁት። ግን ልጄ፣ ሰው ደጋግሞ የተናገረውን ጆሮው እንደ እውነት ይቀበለዋል መሰለኝ። ዛሬ ዐይኔን ስጨፍን ያ ፉጨት ይሰማኛል። ከሰው ያገኘሁት ይሁን ከሰማይ የመጣ መለየት አቅቶኛል። ዜማ አስተማሪ ሆኜ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ ስልሽ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሽ ይሆናል።

እሺ፣ አሁን ሄጄ ሁለት ነው ልበላቸው። ለአምባቸው የሚበጀው የቱ ነው? አንድ ከሆነ ሸሽቷል፤ ሁለት ከሆነ አቃጥሏል። ደግሞስ ወንጌል ይዞ የዋሸ መምህር ተማሪ ፊት መቆም ይችላል? ዐሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉኝ። ይህን ሁሉ ለአንቺ ስጽፍ ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርሁም። ቅባቱ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

መርስዔ ኀዘን


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ

ተናድጄ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። ይህ ሦስተኛው ስለሆነ ብቻ ነው በርጋታ የተጻፈው።

እንደሚያውቁት የውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እንጀራዬ መለካት ነው። በሬን ዘግቼ፣ እርስዎ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ በነበረው ፍጥነትዎ፣ ከ«ሲሳየነ» እስከ «ድንግል በኅሊናኪ» ድረስ ደግሜ በስልኬ ሰዓት ለካሁት። አምስት ጊዜ። ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ አካባቢ ይሆናል። ቦቴ ከቆመበት ተነሥቶ በዚያን ያህል ጊዜ ስድስት መቶ ሜትር መሄድ ይችላል። ስለዚህ አባዬ የተነሣው ከመጀመሪያው ድምፅ በኋላ ነው ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ተቀመጥኩና፣ ቀድሞ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ሄዶም ቢሆን እዚያው ይደርሳል አልኩ። ቁጥሩ ገጥሞልኛል፤ ግን የገጠመ ነገር ሁሉ እውነት ነው? አሁንማ ጸሎት ስጀምር ልቤ ሴኮንድ ይቆጥራል።

ረቂቁ ላይ «አብሮት የነበረው ሠራተኛ» የተባለው ፍቅረ ማርያም ነው። ያውቁታል፤ ከአባዬ ጋር አሥራ አራት ዓመት ቦቴው ላይ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረ፣ ፋሲካን እኛ ቤት የሚፈስክ ሰው ነው። ከአባዬ ሞት ወዲህ ግን እኛ ቤት ደርሶ አያውቅም፤ እማዬ ሕመሙ ነው ትላለች። ያን ዕለት ሁለቱም ጆሮዎቹ ደንቁረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሰባታሚት ቤቱ ተቀምጧል። ስልክ አይሰማም፤ የጻፍኩለትን አልመለሰም። የኔ የዓመት ፈቃድ ደግሞ ሰኔ ነው።

የኔታ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ። ያለዎትን ሁሉ እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ቢከፋም እቀበላለሁ። እንዲያምርልኝ ብለው ብቻ እንዳይለውጡት። ስለ ተማሪዎችዎ ያሉት ገብቶኛል፤ በዚያ ላይ ምንም ለማለት አፍ የለኝም።

ሩሐማ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ

በሣህሉ ጀልባ ተሻግሬ እናትሽ ቤት አርፌያለሁ። ለዐይን ሐኪም መጣሁ አልኋት። ሌላ ውሸት። ጾሙን የያዘችው በተልባ ብቻ ነው፤ ደኅና ናት፤ ምን ያህል እንደምትጠረጥር ግን እንጃ።

ሰባታሚት በባጃጅ ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ጸሎት ናት። «በመጮህ አይድከሙ፣ የኔታ፤ ይጻፉለት» ብላ ደብተር ሰጠችኝ። እሱ ግን የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ እየጮኸ ነው የሚናገረው፤ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። የተባባልነውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

«አምባቸው ለምን ገፈተረህ?» ብዬ ጻፍሁ።

«ቂም ይዞብኝ ነዋ!» አለ። «ጠዋት ተጣልተናል። ሩሐማን ለልጄ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ‹እሷ እኔን አባቷን አትሰማ፣ አንተን ልትሰማ ነው?› ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ተቀየምሁ፤ ሰደብሁት። እሱም ሰደበኝ። ከዚያ ወዲያ መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝም። ኋላ ሳላስበው መኪናውን አስነሣ። ወዴት ነው ብዬ መሪውን ያዝሁ። በእግሩ መታኝ! ‹ውረድ!› አለኝ፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሩን ከፍቶ ጣለኝና ሄደ። ትቶኝ ሄደ፣ የኔታ!»

«‹ውረድ› ሲልህ ሰማኸው?»

«አፉን አየሁታ!»

«ድምፁንስ?»

ደብተሩን ተቀብሎ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልሰማሁም» አለ። «የመኪናውንም ሞተር አልሰማሁትም። መነሣቱን ያወቅሁት መቀመጫው ሲንቀጠቀጥ ነው።»

ጸሎት ብዕሩን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ጻፈች፦ «ታዲያ የደነቆርኸው መቼ ነው?»

 እስከ ዛሬ የደነቆረው ከወደቀ በኋላ፣ ቦቴው ሲፈነዳ ይመስለው ነበር፤ ለጠያቂዎቹም ያለው ይህንኑ ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ያስቀመጠለት ሰው የለም። «ከኋላችን የሆነ ነገር ገፋን» አለ ቆይቶ። «መስታወቱ ረገፈ። አዎ፣ ጭኔ ላይ መስታወት ነበር። አምባቸው በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ከኋላችን ጋራዡ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ቴክኒሻን ነበረበት። ከዚያ ነው ያስነሣው።» ደግሞም፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ከሙት ሰው ጋር ተኳርፌ ኖርሁ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከጋራዡ ሰዎች አንድም አልሞተም፤ ኋላ ወደ ሌላ ምድብ ተበትነዋል። በሩቅ የቆሙት የአውሮፕላኑ ጠባቂዎች ሁለቱ ናቸው በመጀመሪያው የሞቱት። ያ የመጀመሪያው ምን እንደነበረ ግን ፍቅረ ማርያም አላየም። ከሰማይ ወርዶ ይሁን ከአውሮፕላኑ ወድቆ አያውቅም።

ሳትለውጥ ጻፍልኝ ስላልሽኝ አንድ ነገር ልጨምር። ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ፍርሃት ያዘኝ። መስታወቱን እውነት አስታወሰው ወይስ እኔ በጥያቄዬ አስያዝሁት? ፉጨቱ እኔ ጆሮ እንደገባው መስታወቱም እሱ ጭን ላይ ገብቶ ቢሆንስ? አላውቅም ልጄ።

መርስዔ ኀዘን


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። እኔን ለመዳር ተጣልተው መዋላቸውን ሳነብ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆኖብኝ ጓደኞቼ ውኃ አመጡልኝ። ልጁን እኮ መልኩን እንኳ አላውቀውም።

አባዬ ለምን አብሮ አልዘለለም ብዬ ራሴን እየጠየቅኩ ነው። ቦቴው እሳት ይዞት ከነበረ፣ መሪውን ለቆ ቢዘል ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ጋራዡ ይመለስ ነበር? ወይስ እየዘለለ ሳለ ደረሰበት? ሰዎቹን ለማዳን አስቦ ነው ብዬ ባምን፣ እንዲያምርልኝ የፈለግኩት እኔ ራሴ እሆናለሁ። አንድ ሰው ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ስንት ነገር ሊያስብ ይችላል?

የአስተያየቱ ቀን እስከ ሚያዝያ 30 ተራዝሟል። ኮሚቴው የተቀመጠው እዚያው ባሕር ዳር ነው። ይሂዱ ብዬ አላስገድድዎትም፤ የሚያጡትን ያውቁታል። አልሄድም ቢሉኝም የኔታዬ ነዎት።

ሩሐማ


ዘጌ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ

ዘግይቼ ስለጻፍሁ አትቀየሚኝ። የምጽፈው ጠፍቶብኝ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው።

ሄድን። ፍቅረ ማርያም ሚስቱን ጸሎትን አስከትሎ መጣ፤ የሚጠየቀውን እሷ ትጽፍለታለች። ያለውን አለ፤ መስታወቱንም፣ ሞተሩን አለመስማቱንም። ከዚያ እኔ ተነሥቼ ወንጌል ይዤ የማልሁት ሐሰት ነው፣ ድምፁ ሁለት ነበር፣ ፉጨቱንም ከሰው የወሰድሁት ነው አልሁ። በመካከሉ ያደረስሁትን ጸሎት እንዳደርስ ጠየቁኝ። ቆሜ አደረስሁት፤ አንዲት ሴት በሰዓት ለካችው። አንቺ ካገኘሽው በሦስት ሴኮንድ በለጠ፤ እየተንቀጠቀጥሁ ስለነበር ይሆናል።

ከዚያ አንዱ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ክፋት የለውም፣ «የኔታ፣ ያን ጊዜ ለወንድምዎ ብለው ዋሹ። ዛሬስ ለወንድምዎ ብለው አለመዋሸትዎን በምን እናውቃለን?» አለኝ።

«አታውቁም» አልሁት። 

ውጤቱን ባለፈው ሳምንት በእጄ ሰጡኝ፤ ለአንቺም ይደርስሻል። «በሽሽት ላይ» የሚለው ተሰርዟል። «አስቀድሞ ያውቅ ነበር» የሚለውም ተሰርዟል። በምትኩ «ሹፌሩ ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ ቦቴውን ከሰዎች ወደ ራቀ ስፍራ ነድቷል፤ ያደረገበት ምክንያት አልተረጋገጠም» ይላል። ስለ መጀመሪያው ፍንዳታ መንስኤ ዐሥራ አራት ገጽ ጽፈው መጨረሻው ላይ «ሊታወቅ አልቻለም» ብለዋል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አባትሽን የገደለው ጠላት ይሁን የወዳጅ እጅ፣ ስሕተት ይሁን ዕጣው፣ ከወረቀቱ አላገኘሁም። ምናልባት የሚያውቅ ሰው አንድ ቦታ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሆናል፤ ምናልባትም የለም።

ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። እስከ ፍልሰታ ማኅሌት እንዳልቆም፣ እንዳላስተምርም ቀኖና ሰጡኝ። ዐሥራ ሁለቱ ተማሪዎቼ ወደ ሌላ መምህር ሄደዋል፤ ሰባቱ አንሄድም ብለው ደጄ ላይ ይቀጽላሉ፤ የተማሩትን ይደግማሉ። እኔም ማረም ስለማይፈቀድልኝ ሲሳሳቱ እየሰማሁ ዝም እላለሁ። ከቀኖናው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ለእናትሽ ግን አልነገርሁም። ያ የአንቺ ድርሻ ነው።

መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ

ፈቃዴን ወስጄ መጣሁ፤ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ነገ በሣህሉ ጀልባ እሻገራለሁ፤ ይህን ግን አፌ ስለማይችለው ቀድሜ ጻፍኩት።

ለእማዬ የመጣሁ ዕለት ሁሉንም ነገርኳት። ረቂቁን፣ ሰባታሚትን፣ የዐይን ሐኪሙን ጭምር። አላለቀሰችም። ስለደበቅኳት ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ምግብ ግን እያስቀመጠችልኝ ትሄድ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፍቅረ ማርያም መጣ። ከአጥር በሩ ጀምሮ በባዶ እግሩ፣ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጸሎት ከኋላው ደብተሩን ይዛለች። ደጃፉ ላይ ተንበረከከና በዚያ ድምፁ «እናትዓለም፣ ስለ እመብርሃን! ባልሽን ከሞተ በኋላ አማሁት፤ ስሙን አጠፋሁ!» እያለ ጮኸ። ጎረቤት ወጣ። እማዬ የምትለቅመውን ምስር እንደያዘች ቆማ ብዙ አየችው።

«አምባቸውን የማውቀው እኔ ነኝ» አለችው። «አድኖህም ይሆናል፤ ተናዶብህም ይሆናል። ሲናደድ ከአፉ እግሩ ይቀድም ነበር። ሁለቱም በአንዴ ሆኖ እንደሆነስ ማን ያውቃል? እኔ አላውቅም። ያንን ድንጋይ አውርድና ግባ።»

እሱ አፏን ነበር የሚያየው። አልገባውም። ድንጋዩን እንደተሸከመ ወደ ጸሎት ዞሮ፣ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። ጸሎት እያለቀሰች መጻፍ አቅቷት ደብተሩን ለኔ ዘረጋችልኝ። ብዕሩን ይዤ፣ እማዬ ያለችውን ሁሉ ልጽፍ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ዐይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ድንጋዩ ገና ከትከሻው አልወረደም።

«ግባ» የሚለውን ብቻ ጻፍኩለት።

ልጅዎ ሩሐማ